ሳይመነጠር የቀረው አሥር እርምጃ

መምህር ሀላኬ፣ ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። ማዘጋጃ ቤቱ በጫካው መንገድ አፍ ላይ ሰሌዳ ሊተክል ስለሆነ የደን ጠባቂውን የአቶ ገብረአምላክን ታሪክ ንገሪኝ ብለሃል። ደግሞ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን የስም ዝርዝር አንብበህልኝ፣ «የዳባሶ አሥር» ከሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አልክና፣ ይህ ሁሉ መንገድ ሲመነጠር ያቺ ቦታ ብቻ ለምን ሣር ዋጣት አልከኝ። ተማሪዎችህን ይዘህ ወደ ምንጩ ስትወጣ እዚያ ላይ ስትደርሱ በአንድ ረድፍ ነው የምታልፉት። እሺ፣ እነግርሃለሁ። የመጀመሪያውን አስቀድሜ ነው የምነግርህ፤ ሁለተኛው ራሱ ይመጣል። ጠላ ሻጭ ነኝ፣ ያልደረሰ አልቀዳም።

ቅዱስ ነበሩ ብለህ እንዳትጽፍ ብቻ። ከሃያ ዓመት በላይ የአጥር ጎረቤቴ ነበሩ። የአጥር ጎረቤት የሰውን ሳሉንም ኩርፊያውንም ያውቃል። ግትር ነበሩ፣ ቶሎ ይቆጡ ነበር፣ ጠላ ሲጠጡ ደግሞ ያንኑ አንድ ወሬ ሦስት ጊዜ ነው የሚያወሩት።

አገራቸው መንዝ ነው። በ1934 ዓ.ም. ከጦር ጋር ነገሌ ገቡ፤ ጦሩ ሲሄድ እሳቸው ጉልበታቸው ታሞ ቀሩ። እዚሁ የዓለምወርቅን አገቡ፣ ወለተሐና የምትባል ልጅ ወለዱ። በ1938 ማዘጋጃ ቤቱ ደን ጠባቂ አደረጋቸውና አንድ ካፖርት፣ አንድ ፊሽካ፣ አንድ ዶማ ሰጣቸው። በዚህ በነገሌ ፀሐይ ካፖርት! ሰው ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን የመንግሥት ልብስ ነው ብለው እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው የሚሄዱት።

ያን ጊዜ ዳገቱ ከወገቡ በላይ ጽድ ብቻ ነበር። የታችኛውን ጣሊያን ለሠፈሩ ጨርሶት ነው የሄደው። የላይኛውን ደግሞ እኛ ጀምረነው ነበር፤ ምን ይደበቃል? ምስጥ ቤት በሚበላበት አገር ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ጽድ ነው። ምሰሶ ያማረው ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ከየጓሮው ይነሳል፤ በየፊናው ቀጭን መንገድ ቀዶ ይገባል። አቶ ገብረአምላክ የትኛውን መንገድ ይጠብቁ? በአንዱ ሲገቡ ሌባው በሌላው ይወጣል። ሁለት ዓመት ፊሽካ ሲነፉ፣ እኛም ፊሽካውን እየሰማን ስንቆርጥ ኖርን።

በ1940 ይመስለኛል፣ አንድ ነገር አሰቡ። ጫካው አንድ መንገድ ብቻ ይኑረው አሉ። ከገበያው ጀርባ ተነስቶ በዳገቱ ወገብ ዞሮ ምንጩ ጋ የሚደርስ፤ ከመንገዱ በላይ ጫካ፣ ከመንገዱ በታች የከብት ሣር። መንገዱን ማን ይሥራው? ወንጀለኛው! ለምለም እንጨት ሲቆርጥ የተያዘ ሰው እስር የለበትም፣ መቀጫ የለበትም። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ቆሞ እያየው፣ አሥር እርምጃ ይመነጥራል። ወርዱ ሦስት እርምጃ ነው፣ ሁለት የተጫኑ አህዮች ሳይጋፉ እንዲተላለፉ። ሣሩን ከነሥሩ ይነቅላል፣ ድንጋዩን በዳር በዳር ይደረድራል። ከዚያ ወዲያ ያ አሥር እርምጃ እስከ ዕለተ ሞቱ በሰውየው ስም ይጠራል። ደግሞ ባለቤት ያለውን አሥር ሌላ ሰው አይነካውም፤ ሕጉ እንዲህ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ መንገዱ አደገ። የአብዱላሂ አሥር የምትለዋ፣ የሞያሌው ሾፌር አብዱላሂ ለመኪናው ድጋፍ ሲቆርጥ ተይዞ ነው። የሸምሳ አሥር፣ ሸምሳ ለሱቋ በረንዳ አራት ቋሚ አስቆርጣ። ሠራተኛዬ ነው የቆረጠው ብላ ነበር። «ጥላው ለማን ነው?» አሏት፣ ዶማውን ተቀብላ መነጠረች። ቄስ ወልደሥላሴ እንኳን አልቀሩም። ለመቋሚያ ብለው አንዲት ቀጭን ጽድ ቆርጠው ሲወርዱ መንገድ ላይ ተገናኙ። አቶ ገብረአምላክ መስቀላቸውን ተሳለሙ፣ ከዚያ ዶማውን አቀበሏቸው። ወይ ጉድ! የዚያን ዕለት ገበያው ተፈታ። ቄሱ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ሲቆፍሩ እኔም ጠላዬን ትቼ ሄጄ አይቻለሁ፤ ስቄያለሁም። ስቄያለሁ፣ ይህን ያዝልኝ።

በ1944 የሽማግሌው የጂሎ ተራ ደረሰ። ጂሎ ከብቶቻቸውን ከመንገዱ በታች የሚያውሉ ቦረና ናቸው። ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ነፋስ ጋብ ባለ ሰዓት፣ ያረጀውን ሣር እያቃጠሉ ነው የኖሩት፤ አባቶቻቸውም እንደዚያው። አቶ ገብረአምላክ ጢሱን አይተው ፊሽካቸውን እየነፉ ወረዱ። ለመንዝ ሰው እሳትና ጫካ አብረው የሚነሱት በጥፋት ነው። ጂሎ ደግሞ አንቱ የሚባል ነገር አያውቁም፤ በአማርኛ ሁሉም ሰው አንተ ነው።

«ናጋ፣ ገብረአምላክ። ምን ያስሮጥሃል?»

«ጫካዬን ልታቃጥሉ!»

«እኔ ሣር ነው የማቃጥለው። ይህ ሣር አርጅቷል፣ ከብት አይበላውም። ከብት ያልበላውን አንድ ቀን ኢቢዳ፣ እሳት፣ ይበላዋል። እኛ በትንሹ የምናነደው በትልቁ እንዳይነድ ነው።»

አልሰሟቸውም። ማቃጠል ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው አሉ፣ አሥር እርምጃም ፈረዱባቸው። ጂሎ ሳይከራከሩ መነጠሩ፤ እንደ እሳቸው አጥርቶ የመነጠረ እስከ ዛሬ የለም፣ ሄደህ እየው። ሲጨርሱ አፈሩን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ኢቢዳ የሚፈራው ባዶ መሬት ነው፤ ይህን እንኳ ጥሩ አድርገሃል» ብለው ሄዱ።

እንግዲህ አሁን ወደ እኔ ነገር መድረሴ ነው። ትንሽ ልተንፍስ።

በ1946 ክረምት ሊገባ ሲል የአቶ ገብረአምላክን ቤት ምሰሶ ምስጥ በላው። ባሕር ዛፍ ነበር፤ የደን ጠባቂ ስለሆኑ ጽድ አላቆሙበትም። ጣራው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። የዓለምወርቅ ታማ ተኝታለች፣ ከሥሩ። ሌላ ቋሚ ከክብረ መንግሥት ይመጣል ተብሎ አንድ ወር ተጠበቀ፣ አልመጣም። ሲያጉረመርሙ፣ ጣራውን በጦር ዘንግ ደግፈው ሲቆሙ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸው ነበር።

አንድ ቀን በጠዋት ጋን የማጥንበት ወይራ ፈልጌ ጫካ ገባሁ። ደረቅ ወይራ አልቋል፤ ለነገሩ ጠላ የሚያስወድደው የለምለሙ ጢስ ነው። ትልቅ ቅርንጫፍ ቆርጬ ልጎትት ስል ከቁጥቋጦው ወዲያ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ሌባ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ሁለት ሌባ ይተዛዘናል። ቁጥቋጦውን ገለጥ ባደርገው አቶ ገብረአምላክ ናቸው። ካፖርታቸውን አውልቀው ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለዋል። ጽዷ ወድቃለች። እሳቸው ወደ እኔ ወይራ ያያሉ፣ እኔ ወደ እሳቸው ጽድ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያፈረ የወንድ ፊት አላየሁም።

«በዛብሽ» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«ለየዓለምወርቅ ነው። ጣራው ሊወድቅባት ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። እኔ ምንም አላየሁም።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እኔም አላየሁም» አሉ። ግን ለእሳቸው ያ አልበቃቸውም። ምሰሶዋን ካቆሙ በኋላ በማግስቱ መንገዱ የደረሰበት ድረስ ሄዱና አሥር አሥር እርምጃ ለክተው ሦስት ችካል ተከሉ። ጠርተው አሳዩኝ። «ይህ የኔ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ያንቺ ነው። እንመነጥራለን፤ ብቻ የዓለምወርቅ ትሻላት።»

የዓለምወርቅ አልተሻላትም። በጥቅምት ቀበርናት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እንዴት ይመንጥሩ? አየህ፣ የያዘን ነገር ይህ ነው፤ በእኛ ከተማ ዶማ ይዞ መንገዱ ላይ የቆመ ሰው ሌባ ነው። ቆፋሪውን ያየ ሁሉ «ምን ቆረጥክ?» ይላል። ቄሱን ያስቆፈሩ ሰው ምን ብለው ይመልሳሉ? በስውር እንዳይመነጥሩት ደግሞ ስም የሌለው አሥር የለም፤ ጠዋት ሰው የማነው ይላል። ስለዚህ ቀጣዩ ወንጀለኛ ሲያዝ ችካሎቹን አልፈው ከወዲያ አስጀመሩት። መንገዱ ምንጩ ደረሰ፤ እመሃሉ ላይ ሃያ እርምጃ ሣር ቀረ። ሰው ሲጠይቃቸው «ውሃ መውረጃ ነው» ይሉ ነበር። እኔ እንጀራዬ ጠላ ነው፣ ደንበኞቼ እነ ቄስ ወልደሥላሴ ናቸው። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አይደል? ይነቅዛል፣ እኔ ልንገርህ።

ጫካው ግን ዳነ፤ ይህን አልክድም። ሰው መጥረቢያውን ትቶ ያለ ጉዳይ መሄድ ጀመረ። በኛ አገር ያለ ጉዳይ የሚሄድ እብድ ነው ይባል ነበር፤ ይኸውልህ እሑድ እሑድ ባልና ሚስት ሆነው፣ በሽተኛው አየር ሊቀበል፣ ልጃገረዶቹ ሊታዩ፣ ሁሉም ምንጩ ድረስ ይሄዳል። አባቶች የገዛ አሥራቸው ላይ ሲደርሱ ልጆቻቸውን አቁመው ድንጋዩን ያሳያሉ። ያ ሁሉ ኀፍረት ኩራት ሆኖ አረፈው፣ እቴ! ሸምሳ እንኳን የእሷን አሥር በየዓመቱ ታስጠርግ ነበር። ጂሎ ብቻ ሲያልፉ ሃያዋ ላይ ይቆሙና፣ «ገብረአምላክ፣ በርህ ክፍት ነው» ይላሉ። አቶ ገብረአምላክ ይቆጣሉ። ከመንገዱ በታች ያለው ሣር በዓመት በዓመቱ እየተደራረበ ደረት ደረሰ። የሚያቃጥለው የለ።

የካቲት 1957፣ በገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ከታች ጢስ ተነሳ። ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ነፋሱ ወደ ዳገቱ ነበር። ገበያተኛው በሙሉ ቅርንጫፍና እርጥብ ጆንያ ይዞ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። እሳቱ ያንን የአሥራ ሦስት ዓመት ሣር እየበላ ሲመጣ ፊት ለፊት መቆም አይቻልም። ጂሎ ከነልጆቻቸው ከብቶቹን እየነዱ ከታች ደረሱ። «መምታት ይቅር! ሁላችሁ መንገዱ ላይ ውጡ!» አሉ። ከዚያ ወደ አቶ ገብረአምላክ ዞሩ፦

«አንተ! ወይ ፊሽካህን ንፋ፣ ወይ ክብሪት ስጠኝ! ከመንገዱ ሥር ለኩሰን ወደ ታች እንላከው፤ እሳቱን እሳት ይግጠመው!»

አቶ ገብረአምላክ ክብሪቱን ከካፖርቱ ኪስ አወጡ። ራሳቸው ጫሩት። እኛም ባዶው መንገድ ላይ ተሰልፈን ወደ ላይ ብልጭ ያለውን ሁሉ በጆንያ እያጠፋን፣ ከሥራችን የለኮስነው ወደ ታች ወረደ፤ ሁለቱ እሳቶች ተገናኙና የሚበሉት አጥተው ሞቱ። በአብዱላሂ አሥር ሞተ፣ በሸምሳ አሥር ሞተ፣ በቄሱ አሥር ሞተ። የሌባው ሁሉ አሥር ከተማውን አዳነ።

ሃያዋ ላይ ግን የሚቆምበት ባዶ መሬት የለም። ቢለኩሱ ጫካውን ራሳቸው ያቀጣጥሉታል፣ ባይለኩሱ የታችኛው ይመጣል። ጂሎ «በሩ! በሩ!» እያሉ ሲጮሁ እሳቱ በዚያች በሃያ እርምጃ ገብቶ ወደ ላይ ወጣ። ሁለት ቀን ነደደ። ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ነው የቆመው። የጂሎ አራት ላሞች ሞቱ፤ ከጫካው ሲሶው ሄደ፣ ያውም አዛውንቶቹ ጽዶች ያሉበት።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ አመዱን ሊያይ ወጣ። አንዱ፣ «ይህች ለምን ሳትመነጠር ቀረች?» አለ። ከዚያ ሁሉም ይጮህ ጀመር። ታውቃለህ ከሁሉ በላይ የጮኸችው ማን ናት? እኔ! «አዎ፣ ለምን ተዉት? የደን ጠባቂ ተብለው!» አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው፤ ዝም ብል የሚታወቅብኝ መሰለኝ።

አቶ ገብረአምላክ ካፖርታቸውን ፈትተው አወለቁ። ፊሽካውን ከአንገታቸው አወጡ፣ ካፖርቱ ላይ አስቀመጡት። «ውሃ መውረጃ ነው ያልኩት ውሸት ነው። በ1946 ለቤቴ ምሰሶ አንድ ጽድ ቆርጫለሁ። ይህ አሥር የኔ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ደብቄዋለሁ። ያቃጠልኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ዶማቸውን አነሱ። የተቃጠለውን ሥር እየነቀሉ፣ ትኩሱን ድንጋይ በእጃቸው እየደረደሩ ሲመነጥሩ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አየ። አሥሩን ጨረሱና ቆሙ። ቄስ ወልደሥላሴ ቀስ ብለው፣ «የቀረውስ ገብረአምላክ?» አሏቸው።

«የቀረው የኔ አይደለም አባ።»

«የማነው?»

«ባለቤቱ ያውቀዋል።»

ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ወዲያ ካፖርቱን ማዘጋጃ ቤት መለሱ፤ ያለ ካፖርት ግን ያንኑ ሥራ ሲሠሩ ኖሩ። ጂሎ በየዓመቱ ዝናብ ሊጥል ሲል ሣሩን ያቃጥላሉ፣ እሳቸው አጠገባቸው ይቆማሉ። የኔን አሥርም ጂሎ አስቀድመው ነው የሚያቃጥሏት፣ በሩ እንዳይከፈት። የማን እንደሆነች አልጠየቁም።

ከተማው ግን ይጠይቃል። እዚሁ ቤቴ፣ እኔ እየቀዳሁ፣ የማናት እያሉ ይከራከሩ ነበር። አንድ ቀን አንዱ፣ «እንጨት ለቃሚው ዳባሶ ነው፣ ሌላ ማን ጫካ ይውላል?» አለ። በቃ፣ የዳባሶ አሥር ሆነ። ሰውየው ደረቅ ብቻ ነው የሚለቅመው፤ በእናቱ ማለ፣ በልጆቹ ማለ፣ ማን ሰምቶት። ያልቆረጥኩትን አልመነጥርም አለ፤ ግትር ሌባ ተባለ። ቤቴ መምጣት ተወ፤ ለልጁ ሚስት ሲጠይቅ እንኳን ይህንኑ አንስተው ከለከሉት። እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ማሰሮዬን ይዤ ቆሜ ሰምቻለሁ።

አቶ ገብረአምላክ በ1962 አረፉ። ሲሞቱ ለወለተሐና፣ «ዶማዬን ለበዛብሽ ስጫት» ብለው ነበር። ልጅቷ በሠልስቱ ለቀስተኛው መሃል አምጥታ ሰጠችኝ። ለጓሮዋ አስበውላት ነው፣ ምን ዓይነት ጎረቤት ናቸው ብለው ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። የእኔ ልቅሶ ሌላ ነበር። ዶማውን ከጋኑ ኋላ ከተትኩት፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው።

አንተ ያን ወረቀት ይዘህ መጥተህ «የዳባሶ አሥር» ብለህ ባታነብልኝ እንደዚያው እቀር ነበር። በአፍ የተወራ ከሰውየው ጋር ይሞታል። ሰሌዳ ላይ በቀለም ከተጻፈ ግን የልጅ ልጆቹ ያነቡታል። አልችልም።

ስለዚህ ያን ሰርዘህ «የበዛብሽ አሥር» በል። ግን ሳይመነጠር አይጻፍም፣ ሕጉን ነግሬሃለሁ፤ በገበያ ቀን፣ ሰው እያየ ነው። ገበያው ነገ ነው። ተማሪዎችህን ይዘህ ውጣ። ስትሄድ በዳባሶ ቤት በኩል እለፍና፣ በዛብሽ ትጠራሃለች፣ የሚቆረጥ እንጨት የለም፣ መጥተህ እንድታያት ብቻ ነው በለው። እሱ ሳያይ አይሆንም።

ዶማው ያውልህ፣ ከጋኑ ኋላ። ጉልበቴ ዳገቱን ይዞት አይወጣምና ተሸከምልኝ። ስንደርስ ግን መልስልኝ፣ አታግዘኝም።